ጉቦ የሚገኘው በተሻረ ሰው ቤት ብቻ ነውን?

አባቶቻችን ስለ ሹመት ከተናገሩት ሁሉ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንደሚለው ቃል በሕዝቡ አፍ የተለመደ የለም። ይህን ተረት የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ሹሙን በሆዳምነቱ ለመንቀፍ ነው። ነገር ግን ቃሉን ረጋ ብሎ የመረመረ ሰው፥ ነቀፋው በሹሙ ሆድ ላይ ብቻ ሳይሆን በሹመቱም ጠባይ ላይ መሆኑን ያገኘዋል። ሹመት ዛሬ ተሰጥቶ ነገ የሚወሰድ ሲሆን፥ የተሰጠበትም የተወሰደበትም ምክንያት ለሕዝብ የማይገለጽ ሲሆን፥ ሹሙ እንደ እንግዳ ገበታ ያየዋል፤ ገበታው ሳይነሣበት እጁን ፈጥኖ ይሰዳል።

በእኛ ዘመን ለዚህ ተረት ሁለተኛ ክፍል ተጨምሮለታል። የሚበላው ሹም ሳለ ነው፤ የሚከሰሰው ግን ከተሻረ በኋላ ነው። ጉቦን ለማጥፋት ዘመቻ መታወጁን በየጊዜው ሰምተናል፤ ታላላቅ ሰዎችም ታስረው ሲወሰዱ አይተናል። ሆኖም የተያዙትን ሰዎች ታሪክ በየዘመኑ አሰልፎ ለተመለከተ ሰው፥ አስቀድሞ ተከሶ በክሱ ምክንያት የተሻረ ታላቅ ሹም ማግኘት ጭንቅ ነው፤ አስቀድሞ ከሹመቱ ወርዶ ወይም ከባልንጀሮቹ ተጣልቶ ኋላ የተከሰሰው ግን ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገሩ ይህ ነው። ይህንም ከአዲስ አበባ ሆኖ ከማየት ይልቅ ከሸሕዲ ሆኖ ማየት ይሻላል፤ በአዲስ አበባ የሚታየው የሹሙ ውድቀት ሲሆን፥ በሸሕዲ የሚታየው ከውድቀቱ በኋላ በስፍራው የቀረው ኬላ ነውና።

ሸሕዲ፥ ገንዳ ውኃ ተብላም የምትጠራው ከተማ፥ የመተማ ወረዳና የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ በእርስዋ መካከል አልፎ ወደ መተማ ዮሐንስ ይዘልቃል፤ ከመተማ ዮሐንስም ትንሿን ድልድይ የተሻገረ ሰው በሱዳን ገላባት ይገኛል። አገሩ ሙቀት የጸናበት ቢሆንም ለም ነው። ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ ይበቅልበታል፤ ከዱሩም ዕጣን ይገኛል። ለአረምና ለአጨዳ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋው ይወርዳል። በመንገዱ የማያልፍ የለም፤ ሰሊጥ የጫነው መኪና፥ የቀንድ ከብት የሚነዳው ነጋዴ፥ ነዳጅና ልብስ በሥውር የሚያሻግረው፥ ወደ ሱዳንና ከዚያም ወደ ሊቢያ መንገድ የሚፈልገው ወጣት፥ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከካርቱም ጦርነት ነፍሱን ይዞ የሸሸው ስደተኛ ሁሉም በዚህ ያልፋል። አላፊው በበዛበት መንገድ አሳላፊውም ይበዛል።

የዚህ አገር ቀረጥ የትናንት ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መተማ የሐበሻና የሱዳን ነጋዴዎች የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበረች። ገበያውን ይዘው የኖሩት የተክሩር ሼኮች ለሱዳንና ለግብፅ ወገንም ለኢትዮጵያም ወገን ይገብሩ ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር የድንበር አገር ዕጣ ፈንታ ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚሁ ስፍራ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ የከተማይቱም ስም የእርሳቸው መታሰቢያ ነው።

ከመተማ በስተደቡብ ያለው ቆላ ግን ቋራ ነው፤ ከቋራም የወጡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጦር ጀግንነት ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ቀረጥ ያሰቡት ግን ጥቂት ይነገርለታል። በነገሡ ጊዜ በአገራቸው ውስጥ የነጋዴ ቀረጥ በሦስት ስፍራ ብቻ እንዲከፈል ማዘዛቸውን በዚያ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን ጽፎ ትቷል። ከዚያ በፊት ነጋዴው በየወንዙና በየአምባው ሥር ለቆመው ባላባት ሁሉ ሲከፍል ይውል ነበር። እነሆ፥ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ያለው ጥበብ ቀራጩን ስለ መቅጣት አይናገርም፤ ቀራጩ የሚቆምበትን ስፍራ ያሳንሳል። አሥር ኬላ ባለበት አሥር እጅ ይዘረጋል፤ ሦስት ኬላ ባለበት ሦስት እጅ ይዘረጋል፤ ሦስቱን እጅ መጠበቅም ይቻላል። ንጉሡ ያሰቡትን ለመፈጸም ዘመናቸው አልበቃቸውም፤ አሳቡ ግን ከብዙ ዘመቻ ይበልጣል።

ከእርሳቸውም በኋላ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፥ ራሳቸው የቀረጥን ሥራ ያወቁ ሰው ነበሩና፥ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ ገንዘብ እንዲለይ፥ ሹምም የተቈረጠ ደመወዝ እንዲበላ መከሩ። ይህ የተባለው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ደመወዙ ተቈርጧል፤ የመንግሥት ገንዘብ ከገዥው ወገን ገንዘብ መለየቱ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ወደዚያ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ክሶቹ እንሂድ። አቶ ታምራት ላይኔ በሽግግሩ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር፥ ከዚያም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከሹመታቸው ተነሡ፤ ኋላም በሙስና ተከሰው በ1992 ዓ.ም. 18 ዓመት ተፈረደባቸው፥ በ2001 ዓ.ም.ም ተፈቱ። በዚህ ላይ ብዙ አልቈይም፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው የበለጠ ያስተምራልና።

በ1993 ዓ.ም. የሕወሓት መሪዎች እርስ በርሳቸው ተከፈሉ። የክርክሩ ምክንያት ስለ ኤርትራ ጦርነትና ስለ ፖለቲካው መንገድ እንደ ነበረ በጊዜው ተነግሯል። በዚያው ዓመት በግንቦት የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በዐዋጅ ቁጥር 235 ተቋቋመ፤ ተጠሪነቱም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ። ብዙም ሳይቈይ፥ ከተሸነፈው ወገን ዋነኛ የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ከወንድሞቻቸውና ከሌሎች ጋር በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። ነገሩን ያየችው ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዘች። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤት ሲወጡ ወዲያው እንደ ገና ተያዙ። ከዚያም በዐዋጅ ቁጥር 239 በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስ መብት እንዳይኖረው ተደረገ። እርሳቸው ከስድስት ዓመት በኋላ በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ።

አንባቢ ሆይ፥ አቶ ስዬ ንጹሕ ነበሩ ወይም አልነበሩም ለማለት አይደለም፤ ያ የፍርድ ቤት ነገር ነው። የሚያስገርመው የጊዜው መገጣጠም ነው። የተጠረጠሩበት ሥራ ከመጣላቱ በፊት የተሠራ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የጠየቃቸው አልነበረም። ጠቡ በመጋቢት ሆነ፥ ኮሚሽኑ በግንቦት ቆመ፥ ሕጉም ለአንድ ሰው ጉዳይ ሲባል የተለወጠ መሰለ። ሕግ በአንድ ሰው ልክ ሲሰፋ ሌላው ሰው ሊለብሰው ይቸገራል፤ የዋስ ክልከላው ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የትንሹንም ጸሐፊ አንገት ሲያንቅ ኖረ።

በግንቦት 2005 ዓ.ም. የተያዙት ደግሞ የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታና ምክትላቸው አቶ ገብረዋህድ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ይህ ለሸሕዲ ሰው ከሌላው ሁሉ የቀረበ ዜና ነበር፤ ከመተማ እስከ ሞያሌ ያለው የጉምሩክ ኬላ ሁሉ የሚታዘዘው ለእነርሱ ነበርና። የኬላው አለቃ ሲያዝ ኬላው ይለወጣል ተብሎ ቢጠበቅ ግብዝነት አይደለም። ነገሩ አምስት ዓመት በፍርድ ቤት ተንከባለለ። በ2010 ዓ.ም. መሪ ተለወጠና በግንቦት ወር ክሱ ተቋርጦ ሁለቱም ተፈቱ። ጥፋተኛ ከነበሩ ለምን ተፈቱ? ጥፋተኛ ካልነበሩ ለምን አምስት ዓመት ታሰሩ? ለሁለቱም ጥያቄ በችሎት የተሰጠ መልስ የለም፤ መልሱን የሰጠው የፖለቲካው ወራት ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት በኬላው ላይ ምን እንደ ተሻሻለ የሚናገር መዝገብም ከክሱ ጋር ለሕዝብ አልቀረበም።

መሪው ከተለወጠ በኋላ ያለውንም በዚያው ሚዛን እንመዝነው፤ አንዱን ዘመን ነቅፎ ሌላውን ማለፍ ፍርድ አይሆንምና። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አቶ ብርሃኑ ጸጋዬ፥ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፥ በአጭር ስሙ ሜቴክ፥ ያለ ጨረታ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዢ መፈጸሙን ለሕዝብ ገለጡ። ዋና ዳይሬክተሩ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው በሑመራ በኩል በሱዳን ድንበር አጠገብ መያዛቸው ተነገረ፤ እጃቸው በካቴና ታስሮ ከሄሊኮፕተር ሲወርዱም ሕዝብ በቴሌቪዥን አየ። ገና ምስክር ሳይሰማ ዶክመንተሪ ፊልም ተሠርቶ ታየ። የስኳርና የማዳበሪያ ፋብሪካዎቹ መዘግየት ግን ከዚያ አስቀድሞ በምክር ቤት ሲነሣ የኖረ ነገር ነው። የሕዝብ እንደራሴ በጠየቀ ጊዜ ያልተሰማው ጥያቄ፥ ጄኔራሉ ከሥራቸው ከተነሡ በኋላ ተሰማ።

በክልላችንም እንዲሁ ሆነ። የአማራ ክልልን ገዥ ድርጅት ብአዴንን ለብዙ ዓመት የመሩት አቶ በረከት ስምዖንና አቶ ታደሰ ካሳ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከማዕከላዊ ኮሚቴው ታገዱ፤ በጥር 2011 ዓ.ም. በክልሉ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተከሰው ተያዙ፤ በ2012 ዓ.ም.ም አቶ በረከት ስድስት ዓመት፥ አቶ ታደሰ ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። ክሱ የጥረት ኮርፖሬትን አስተዳደር የሚመለከት ነው። ከላይ የመንግሥት ገንዘብና የገዥው ወገን ገንዘብ አለመለየቱን ያነሣነው ስለዚህ ነው። ጥረት በሕዝብ ስም የተቋቋመ፥ ነገር ግን ድርጅቱን የሚመሩት ሰዎች ራሳቸው ሲያስተዳድሩት የኖረ ሀብት ነበር። የመተማው ገበሬ የዚህ ሀብት ባለቤት ነህ ተብሎ ሳለ፥ አንድ ቀን ሒሳቡን ልየው ቢል የት ሄዶ፥ ለማን ያመለክታል? ያን ጊዜ መጠየቅ ቢቻል ኖሮ ኪሳራውም በጊዜው ይገታ ነበር፥ ሰዎቹም ምናልባት ወኅኒ ባልወረዱ ነበር። ሹምን በጊዜው መጠየቅ ለሹሙም ምሕረት ነው።

የቀድሞውን ዘመን የሚያስታውስ ሰው፥ ይህ ሁሉ ከ1967 ዓ.ም. ጋር ሲተያይ ቀላል ነው ይል ይሆናል፤ እውነት አለው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ስለ ወሎ ረኃብና ስለ ሹማምንቱ ሀብት ምርመራ ጀምሮ ነበር፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም ከፊቱ ቀርበዋል። በአገራችን ታሪክ ታላላቆቹ በጥያቄና በመልስ ሲመረመሩ የታየበት ብርቅ ጊዜ ነበር። በመስከረም 1 ቀን ማታ የወሎ ረኃብ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ምርመራው ሳይፈጸም፥ ፍርድም ሳይሰጥ፥ ስድሳ ያህል ሰዎች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ከእነርሱም መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩ። በዚያች ሌሊት ከሰዎቹ ጋር የጠፋ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም መልሱ ነው። የረኃቡን ወሬ ማን እንደ ደበቀ፥ እህሉን ማን እንደ ያዘ፥ ትእዛዙ በማን እጅ እንደ ቆመ በችሎት ተጣርቶ ቢሆን፥ በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ሲመለስ ቢያንስ አንድ ሹም ያን ፍርድ አስቦ በፈራ ነበር።

ድልድዩን ተሻግረን ገላባት ብንደርስም ያው ነው። ሱዳንን ሠላሳ ዓመት የገዙት ኦማር አል በሺር በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያ ወረዱ፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በቤታቸው በተገኘ የውጭ ገንዘብ ምክንያት የሁለት ዓመት ፍርድ ተፈረደባቸው። የእርሳቸውን ወገኖች ሀብት የሚመረምር ኮሚቴም ተቋቋመ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦሩ መንግሥቱን ሲይዝ ኮሚቴው ሥራውን እንዲያቆም ተደረገ፤ መርማሪ ከነበሩትም አንዳንዶቹ ራሳቸው ታሰሩ። በሳዑዲ ዐረቢያ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መሳፍንትና ሚኒስትሮች በአንድ ትልቅ ሆቴል ተዘግቶባቸው፥ ብዙዎቹ ሀብት እያስረከቡ ያለ ግልጽ ችሎት ወጡ። በቻይና ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሹም ተቀጥቷል፤ በዚያም የተቀጣውን የሚቈጥረው ቀጪው ራሱ ነው። በደቡብ ኮሪያ ግን በ2009 ዓ.ም. ሌላ ነገር ታየ። ፕሬዚዳንቷ ፓርክ ጉን ሄ በሹመታቸው ላይ ሳሉ ሕዝብ ሻማ እያበራ ወጣባቸው፥ ምክር ቤቱ ከሰሳቸው፥ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሻራቸው፥ ከዚያ በኋላ ታሰሩ። አስቀድሞ ክስ፥ ከዚያ ሽረት ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ሸሕዲው መንገድ እንመለስ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሃያ ኩንታል ሰሊጥ አስጭኖ ኬላ ደረሰ እንበል። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ጠባቂው ወረቀቱን አገላብጦ አየውና፥ «አባቴ፥ ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ሰኞ ይምጡ» ይላል። ሽማግሌው መኪናው የቀን ኪራይ እንደሚቈጥርበት ያውቃል፤ ጠባቂውም ሽማግሌው ይህን ማወቁን ያውቃል። «ልጄ፥ የሻይህን ንገረኝና ልለፍ» ይላል ሽማግሌው። የደበዘዘው ማኅተም ወዲያው ይደምቃል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሽማግሌው ራሱ ወንጀለኛ ሆኗል፥ ሰጪም ተቀባይም በሕግ ፊት ተጠያቂዎች ናቸውና። ስለዚህ ሄዶ አይናገርም። ቢናገርም አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ተበደለው ነገር አይሆንም፤ «ማን ልኮህ ነው?» ይባላል። ጠቋሚዎችና ምስክሮች እንዲጠበቁ በ2003 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 699 ወጥቷል፤ ዐዋጁ ግን ከሸሕዲ ወጣ ብሎ በማሳው ላይ ብቻውን ለሚያድር ገበሬ ዘብ አይሆነውም።

የኬላው ጠባቂስ ከታላላቆቹ መታሰር ምን ይማራል? «ጉቦ አትብላ» የሚል ትምህርት የሚያገኝ ይመስላል፤ አይደለም። እርሱም በቴሌቪዥን አይቷል፤ ቀኑንም ቈጥሯል። የታሰረው ሰው ትናንት ሹም ሳለ እንዳልተጠየቀ፥ የተጠየቀውም የሚጠብቀው ጌታ ካጣ በኋላ እንደ ሆነ ተገንዝቧል። ስለዚህ ከዘመቻው የሚማረው «ጌታህን እንዳታጣ» የሚል ነው። ጌታን ለመያዝ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እንዲሉ፥ ከሚቀበለው ላይ ለላይኛው ያካፍላል፤ ለማካፈልም ከቀድሞው የበለጠ ይቀበላል። እንግዲህ ዘመቻው ሲበረታ በኬላው ላይ ያለው የሻይ ዋጋ ሊቀንስ ሲገባው ይጨምራል ማለት ነው። ይህን የሚያስተባብል ሰው ካለ የሰሊጥ ነጋዴ ይጠይቅ።

አንዳንድ ሰው፥ «የተሻረውም ቢሆን መከሰሱ አይሻልምን? ሌባ ዝም ይባል ትላለህን?» ይለኝ ይሆናል። ዝም ይባል አልልም። የተሻረ ሌባም ሌባ ነው፤ የወሰደውንም ይመልስ። ነገር ግን ሌባው የተያዘው ስለ ሌብነቱ መሆኑ በሕዝብ ዘንድ ካልታመነ፥ ቅጣቱ ማንንም አያስፈራም፤ ንጹሑም ሹም ቢሆን በንጽሕናው አይተማመንም። ታማኙ ሹም ከሌባው ሹም ጋር እኩል ጌታ ፍለጋ የሚዞርበት አገር ከሆነ፥ ታማኝ መሆን ትርፉ ምንድን ነው? በመንግሥት መሥሪያ ቤት እድሜውን የጨረሰ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ታማኝ ሹም አንድ ሁለት ያውቃል። ብዙዎቹ በዝምታ ጡረታ ወጥተዋል፤ ስማቸውን ያነሣ ዘመቻ የለም።

በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈውን ታሪክ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። የነቢዩ ሳሙኤል ልጆች በቤርሳቤህ ዳኞች ሆነው መማለጃ በሉ፤ ሕዝቡም በዚህ ተማሮ ንጉሥ ለመነ። ሳሙኤል ግን በሸመገለ ጊዜ፥ ማንም ሳይከሰው፥ ሕዝቡን ሁሉ ሰብስቦ በንጉሡ ፊት ቆመና፥ የወሰድሁበት ወይም የበደልሁት ሰው ካለ ይናገርብኝ ብሎ ራሱን ለምርመራ ሰጠ። ሳሙኤል በዚያ ቀን የተጣላ ወይም የተዋረደ ሰው አልነበረም፤ ክብሩ ሙሉ ነበር። ልጆቹን የሚጠይቅ ቀን ሳይኖር ቀርቶ ሕዝቡ ሥርዓቱን ሁሉ እስኪለውጥ ድረስ መማረሩና፥ አባትየው ግን በክብሩ ሳለ መጠየቁ፥ ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ተጽፈው ይገኛሉ።

በአገራችን ለዚህ የሚሆን ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ዐዋጅ ቁጥር 668 ወጣ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም አስመዘገቡ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኮሚሽኑ በአዲስ ዐዋጅ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆነ፤ ይህ መልካም ነው። ከዚያ ወዲህ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ማቋቋማቸውን አስታወቁ፤ ብዙ ጥቆማም መጣ፥ ሰዎችም ተያዙ። ለምክር ቤቱ የሚጠየቅ ኮሚሽን እያለ ኮሚቴው ለምን እንዳስፈለገ፥ አዋቂዎች ጠይቀውበታል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሹም በሾመው እጅ ብቻ ሲመረመር፥ ምርመራው ከሹመቱ ጋር በአንድ ገመድ የታሰረ ይሆናል። የሀብቱ መዝገብ ደግሞ በሣጥን ውስጥ ያለ መዝገብ ነው። ሹሙ ሲሾም ይህን ያህል ቤት ነበረው፥ አሁን ይህን ያህል አለው የሚል ወረቀት በወረዳው አደባባይ ተለጥፎ ቢሆን፥ ጎረቤቱ ከመርማሪው ቀድሞ ባነበበው ነበር። በሸሕዲ ማን መቼ ቤት እንደ ሠራ፥ ማን ስንት ሄክታር የሰሊጥ መሬት በማን ስም እንደ ያዘ የማያውቅ ጎረቤት የለም።

ስለ መሬቱ ካነሣን አይቀር፥ በዚህ ቆላ ከቀረጡ የሚበልጥ ሀብት ሰፊው የእርሻ መሬት ነው። ለባለሀብት በሊዝ የሚሰጠው መሬት በመቶዎች ሄክታር ይቈጠራል፤ የሚሰጠውም በፊርማ ነው። ማን ምን ያህል እንደ ተሰጠው፥ መሬቱን ያለማውና ለሌላ ያከራየው ማን እንደ ሆነ የሚገልጽ ዝርዝር በየዓመቱ ቢታተም ዘመቻ አያስፈልገውም፤ አንድ የማተሚያ ማሽንና ጥቂት ወረቀት ይበቃዋል። ይህ እንደ መታሰር አይታይም፥ ለቴሌቪዥንም አይመችም። ምናልባት ችላ የሚባለው ስለዚህ ይሆን?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የጎንደርና የመተማ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፥ አንድ ቀን ይዘጋል። በመንገዱ ላይ ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅም ተለምዷል። ገመድ የሚዘረጋው በበዛ ቁጥር ከፋዩ ሕጋዊውን ቀረጥ ከሕገ ወጡ ለመለየት ይቸገራል፤ ደረሰኝ የሚሰጠው የትኛው እንደ ሆነም ይጠፋዋል። ጦርነት ባለበት አገር ስለ ደረሰኝ መናገር ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ገበሬው መንግሥትን የሚለየው በምን ነው? ባለ ጠመንጃው ሁሉ ይጠይቀዋል፤ የጠየቀውን ጽፎ ማኅተም አድርጎ የሚሰጠው ግን መንግሥት ብቻ መሆን ነበረበት።

የሰሊጥ አጨዳ የሚደርሰው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪኖቹ ወደ ጎንደር መውጣት ይጀምራሉ። በዚያን ጊዜ በመተማ ዮሐንስም፥ በሸሕዲም፥ በአይከልም በሚገኘው የመንግሥት ኬላ ሁሉ ላይ፥ የሚከፈለው ቀረጥ ልኩ፥ የሚያስፈልገው ወረቀት ዓይነቱ፥ በዚያ ቀን ተረኛ የሆነው ሹም ስሙ፥ አቤቱታ የሚቀበለውም መሥሪያ ቤት ከሹሙ አለቃ የተለየ ሆኖ አድራሻው፥ ማንበብ የሚችል ሁሉ እንዲያነበው በጉልህ ፊደል በሰሌዳ ተጽፎ ቢቆም ወጪው የአንድ ቀን የመኪና ኪራይ አያህልም። ማንበብ ለማይችለውም የሚያነብለት የተማሪ ልጅ በየመኪናው ላይ አይጠፋም።